ሜዳው ላይ ያልመጣችው ሴት

መምህር መልአኩ አውሮፕላን ለማየት በመጣበት ሜዳ ላይ ተገድሎ ተገኘ።

ሬሳው ከነዳጅ በርሜሎቹ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ማጅራቱ ላይ ያረፈው ታኮ፣ የቆመ አውሮፕላን እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚወተፈው ከባድ እንጨት፣ ከአጠገቡ ወድቋል። ካሜራው ከነማንገቻው አንገቱ ላይ ነው። የጀርባ ክዳኑ ግን ተከፍቶ ፊልሙ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ጭቃው ላይ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር ሠርካለም ቁጢጥ ብላ ተመለከተች። ከሬሳው ይልቅ ፊልሙ ላይ ቆየች። ሱሪዋ እስከ ወገቧ ርሷል። ሰቆጣንና ሜዳውን የሚለየውን ወንዝ ገመድ ይዛ የተሻገረችው ገና አሁን ነው። ሁለቱ ኮንስታብሎች ሊከተሏት ሲሉ ደራሹ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ መጣና ማዶ ቀሩ። ከእንግዲህ ውኃው እስኪጎድል መመለሻ የለም። በሦስት በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ወንዝ፣ ከላይ ደግሞ ጉም። ሜዳው ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ሆኗል።

ነሐሴ 1995 ዓ.ም. ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለዋግ ሰው ጠብታ የነፈገ ሰማይ፣ ከብቱ ካለቀና ሰው ከተሰደደ በኋላ የዘገየውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ያወርደው ጀመር።

«መጣሽ? ባትደክሚም ይሻል ነበር» አላት አንድ ሰው ከቆርቆሮው ቤት በራፍ ላይ ቆሞ። ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር በጨርቅ ተጠርጓል። አቶ ወርቅአገኘሁ ይባላል። የእርዳታ አስተባባሪ ነው። በዚህ ሜዳ የሚያርፈው አውሮፕላን ምን እንደሚያራግፍና ምን ጭኖ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው። «ገዳዩ ተይዟል።»

«አንተ ገዳዩን ከያዝህ እንግዲህ ለእኔ ሬሳው ቀርቶልኛል» አለችው።

በ«አንቺ» ሲጀምራት በ«አንተ» ስትመልስለት አቶ ወርቅአገኘሁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» ማለት ጀመረ።

«ይግቡና ይዩት። ራሱ አምኗል።»

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የሜዳው ዘበኛ አያ ሸጋው፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ በር ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነርስ ማርታ የክትባት ማቀዝቀዣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛለች። መሀል ምሰሶው ላይ ደግሞ አንድ ገበሬ የኋሊት ታስሯል። ገበያው ይባላል፤ የዋጉ ዝቋላ ሰው ነው። ገመዱ የገባበት ክንዱ አብጧል።

«በል ንገራት!» አለ አቶ ወርቅአገኘሁ።

ገበሬው ቀና አለ። አማርኛው ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጣና ሥር የሚወጣ፣ አጭርና ጥንቃቄ የበዛበት ነው። «መምህሩ ሚስቴን አነሳት። ወለተጊዮርጊስን። እሱ ነው ያነሳት። ይህን ነው ያልሁ።»

«ሰሙ? ሚስቱ ምጥ ይዟት ስታጣጥር ፎቶ አነሳት። የባላገር ልብ ይህን ይችላል? ጠብቆ ገደለው።» አስተባባሪው ሰዓቱን አየ። «ጉሙ ሲገፈፍ አውሮፕላኑ ይመጣል። በሬዲዮ ተናግሬያለሁ፤ ሁለት ፖሊሶች ተሳፍረው እየጠበቁ ነው። እሱን ይወስዱታል። እኔም ለውጭ አገር ሥልጠና በዚያው እሄዳለሁ።»

ሠርካለም ነገሩ ገባት። ይህ ሰው አምኗል ተብሎ አውሮፕላን ላይ ከወጣ፣ ቋንቋውን የሚሰማለት ሳያገኝ እስር ቤት ይበሰብሳል። ያላት ጊዜ ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ብቻ ነው። የዘገየ አውሮፕላን እንዲዘገይ ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መጀመሪያ አያ ሸጋውን ወደ ውጭ ጠራችው። ጣራው ጠርዝ ሥር፣ ውኃው ፊታቸው እንደ ዘንግ እየወረደ ቆሙ።

«ሬሳውን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ሲነጋጋ። ሁላችንም በየፊናችን ወጣ ወጣ ብለን ነበር፤ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለሽንት። ጉሙ እጅህን አያሳይህም። ማን የት እንደነበረ እግዜር ይወቅ።»

«ከመምህሩ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ኧረ ሁልጊዜ!» ሽማግሌው ሳይወድ ፈገግ አለ። «አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከአስከተማ ድረስ በእግሩ ይመጣል። ሜዳ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው እለዋለሁ። ‹አያ ሸጋው፣ ሜዳህን ለራስህ ያዘው፣ እኔ የማነሳው ክንፏን ነው› ይለኛል። ተሳፍሮ እኮ አያውቅም! ጉም ውስጥ ድምፅዋን ሰምቶ ግን የትኛዋ እንደሆነች ይነግርሃል። ሰላይ ነው ሲሉኝ፣ ይሄ ጅል ሰላይ ከሆነ ጠላት ከስሯል እላለሁ።»

«ትናንት ማታስ ምን ተባባሉ?»

«ሲስተር ማርታን ጠይቂያት። እኔ ስድስት ልጅ አለኝ» አለና ወደ ወንዙ ዞረ።

በጥይት መሀል ያለፈ ሰው ኮት የለበሰ ሰው ፈርቶ ምላሱን ሲውጥ ማየት ሠርካለምን አንገበገባት።

ማርታ ማቀዝቀዣዋን ሳታስቀምጥ መጣች።

«ትናንት አውሮፕላኑ በጉሙ ምክንያት ቀረ» አለች። «ወንዙም ሞላ። እዚሁ ልናድር ሆነ። ጋሽ መልአኩ ከወልድያ ፊልም እንዳመጣለት ለምኖኝ ነበርና ሰጠሁት። ደስታው! ካርቶኑን ቀደደ፤ ብርሃን እንዳይነካው ብሎ ጋቢው ሥር ገብቶ ካሜራውን ያጎርስ ጀመር። አያ ሸጋው ‹እንቁላል ታቀፍህ እንዴ?› አሉት። ‹ዝም ይበሉ፣ አውሮፕላን ልፈለፍል ነው› አላቸው። ያ ገበሬ እንኳ ሳቀ።»

«ሁላችሁም ነበራችሁ?»

«አቶ ወርቅአገኘሁ ብቻ ሬዲዮ ክፍል ነበሩ። ሲወጡ ነው ጠቡ የተነሳ። ጋሽ መልአኩ ገበሬውን ይዞ ቀረበና ‹ነገ ከአውሮፕላኑ ለሚወርዱት ኃላፊዎች አቤት ልንል ነው። የዚህ ሰው ሚስት ባለፈው ሰኔ በምጥ ተይዛ እዚህ መጥታ ቦታ ተከልክላ ሞታለች› አለ። አቶ ወርቅአገኘሁም ‹የምን ሴት? እዚህ ሜዳ የመጣች ሴት የለችም!› አሉ። ጋሽ መልአኩ ጦፈ። ‹እንዴት የለችም? እኔው ራሴ አይደለሁም እንዴ ያነሳኋት?› ብሎ ጮኸ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቶ ወርቅአገኘሁ እንደ ውኃ ቀዘቀዙ። ሻይ እንኳ ቀድተው ሰጡት።»

«ሴትዮዋ መጥታ ነበር?»

ማርታ ማቀዝቀዣውን ይበልጥ አቀፈችው። «አላስታውስም» አለች።

ሠርካለም ወደ ቤት ገብታ የገበሬውን አንድ እጅ ፈታች። አቶ ወርቅአገኘሁ «ኧረ ያመልጣል!» ሲል «ወዴት? ገደል ውስጥ?» አለችና ከሬሳው አንገት ያወለቀችውን ካሜራ ክዳኑን ገጥማ ለገበያው ሰጠችው። «ክፈተው።»

ገበያው ካሜራውን አገላበጠው። መስተዋቱን አየ፤ ወደ ጆሮው አስጠጋው፤ ማንገቻውን ሳብ አደረገ። ክዳኑ የሚከፈትበትን ትንሽ መንጠቆ ሁለት ጊዜ በአውራ ጣቱ ዳስሶ አለፈው።

«ያስመስላል» አለ አስተባባሪው።

«አንተስ ካሜራ አለህ?»

«ለሪፖርት የምንጠቀምበት አለ። ይኖረኛላ፣ ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። ሰኔ ላይ እዚህ የመጣች ምጥ የያዛት ሴት ነበረች?»

«ማንም አልመጣችም! ያኔውኑ ሕመምተኛ የለም ብዬ ለአዲስ አበባ በሬዲዮ ተናግሬያለሁ። ሕመምተኛ ቢመጣ አልጭንም ነበር? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሠርካለም ገበያው አጠገብ ተቀምጣ በኽምጣና አናገረችው። የእናቷ ቋንቋ ነው። ሰውየው የገዛ አፉን ሲሰማ ገጹ ተፈታ፤ ቃሉ ጎረፈ። አስከተማ ሄዶ አያውቅም፤ መምህሩም ዝቋላ ታይቶ አያውቅም። መምህሩን በዓይኑ ያየው በሰኔ እዚሁ ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ትናንት። ወለተጊዮርጊስም ከዝቋላ የወጣችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሠርካለም አንድ ጥያቄ ጨመረች። ገበያው ነጻ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የታሰረውንም ሊዘረጋ ታግሎ፣ ሳይሆንለት ሲቀር በክንዱ ብቻ አሳያት። አየችና ዓይኗን ጨፈነች።

ውጭ ጉሙ እየሳሳ ነበር። የበርሜሎቹ ጫፍ ታየ፤ ቀጥሎ የሬሳው ጋቢ።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለች።

አያ ሸጋው አግዳሚውን ጎትቶ መጣ። ማርታ ተከተለችው። አቶ ወርቅአገኘሁ ቦርሳውን እንደያዘ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ከፊልሙ ልጀምር። ገዳዩ መትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ዝናብ እየደበደበው ካሜራ ከፍቶ ፊልም ጎልጉሎ ብርሃን አስመታ። ፊልሙ ላይ የሚያስፈራው ነገር አለ ብሎ አምኗል ማለት ነው። መምህሩ ያን ፊልም ትናንት ማታ ከካርቶኑ አውጥቶ ሲከት ያየ ማን ነው?»

ማርታ እጇን አወጣች። አያ ሸጋውም አወጣ። ገበያው «እኔም» አለ።

«ሦስቱም ፊልሙ አዲስ እንደሆነ ያውቃሉ። ገና ምንም ያልሰፈረበትን ፊልም ለማጥፋት የሚደክም የለም። የደከመው ሲከተት ያላየ ሰው ነው። የሰኔው ፊልም እስካሁን ካሜራው ውስጥ ያለ የመሰለው። ያን ሰዓት ሬዲዮ ክፍል የነበረ።»

«ጉድ!» አቶ ወርቅአገኘሁ ሳቀ። «ባላገር ስለ አዲስ ፊልምና ስለ አሮጌ ፊልም ምን ያውቃል? የሚስቱ ምስል እዚያ ዕቃ ውስጥ ያለ መስሎት ነዋ!»

«ስለ ፊልም የማያውቅ ሰው ብርሃን ፊልም እንደሚያጠፋ ከየት አወቀ? ወይ ያውቃል፣ ወይ አያውቅም፤ አንዱን ምረጥ። ደግሞም ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበታለች። የእሷ የሚባል አንድ ምስል የለውም። እዚያ ዕቃ ውስጥ መልኳ አለ ብሎ ቢያምን ኖሮ ደረቱ ሥር ሸጉጦት ይሄድ ነበር። ጭቃ ላይ አይጎለጉለውም።»

ገበያው አንገቱን ደፋ።

«ይሄ ሁሉ ወሬ ነው!» አለ አስተባባሪው፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ምክንያት ያለው እሱ ብቻ ነው። ሚስቱን በጭንቋ ሰዓት ፎቶ አንስቷታል፣ ስለዚህ ገደለው። እርስዎ ይህን ሊያልፉት አይችሉም።»

«አላልፈውም። የት ነው ያነሳት?»

«ምን?»

«መምህሩ ሴትዮዋን ያነሳት የት ነው? እሱ የአስከተማ ሰው ነው፣ እሷ የዝቋላ። አንዱ የሌላውን አገር አልረገጠም። ተገናኝተው ከሆነ የተገናኙት እዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።» ሠርካለም ተነሳች። «እንግዲህ ንገረኝ። እዚህ አልመጣችም ካልህ ገበያው የሚገድልበት ምክንያት የለውም፤ ፍታው። መጥታለች ካልህ ደግሞ ዋሽተሃል፤ ያን ቀን የሠራኸውን የሚያሳይ ፎቶ የሚያስፈራው አንተን ነው። መጥታለች ወይስ አልመጣችም?»

አቶ ወርቅአገኘሁ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ከቤቱ ውጭ ወንዙ ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማል። ይህ ሰው በሕይወቱ ሙሉ ሁለት አፍ ይዞ ኖሯል፤ አንዱን ለበላይ፣ አንዱን ለበታች። ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ እንዲከፍት የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«መጥታለች» አለች ማርታ።

ሁሉም ዞሩ። ማቀዝቀዣውን መሬት ላይ አስቀምጣለች።

«መጥታለች። እኔ ነኝ ያየኋት። አውሮፕላኑ ባዶ ቦታ ነበረው፤ አቶ ወርቅአገኘሁ ሞልቷል አሉ። ዝም እንድል ነገሩኝ፣ ዝም አልሁ።»

«ጀሪካኖቹን የጫንሁ እኔ ነኝ» አለ አያ ሸጋው በጎረነነ ድምፅ። «ነጭ ማር። አዲስ አበባ ላሉ አለቆቹ እጅ መንሻ። ሴትዮዋ የምትተኛበት ቦታ ላይ ደረደርሁት። እያየችኝ።»

«ሽማግሌ! አፍህን ዝጋ!»

«ሁለት ወር ዘግቼው ነበር፤ ሸተተኝ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ቦርሳውን ጣለ። ቁጣው ወደ ልመና፣ ልመናው ተመልሶ ወደ ቁጣ ሲገለባበጥ ፊቱ ላይ ይታያል። «ምን ላድርግ? እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ለጥቂት ጀሪካን ማር ነው ይህ ሁሉ! ፎቶው ቢወጣ አለቆቼ ራሳቸው ማሩን እንደላሱ ይበሉኝ ነበር። ካሜራውን ስጠኝ አልሁት፤ ሳቀብኝ! አንስቻታለሁ ብሏል እኮ! ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ አነሳኋት ብሏል!»

«አዎ ብሏል» አለች ሠርካለም። «ገበያውም ይህንኑ አለ፤ አንተም አመነ ብለህ አሰርኸው። እኔ ግን በኽምጣና ጠየቅሁት፤ በእጁ አሳየኝ። ቃሬዛው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰብሮ ወለተጊዮርጊስ ወደቀች። ተሸካሚዎቹ ደክመዋል። መምህሩ ካሜራውን ወደ ጀርባው ገፍቶ በሁለት እጁ ታቀፋት። እስከዚህ ድረስ ተሸክሟት መጣ። ፎቶ አላነሳትም። ሁለት እጁ እሷ ሥር ነበር።»

አቶ ወርቅአገኘሁ አልገባውም። «ታዲያ ምን አነሳ?»

«ሴትዮዋን። ከመሬት።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወረደና ተቀመጠ፤ ኮቱ ቆርቆሮው ላይ ሲንሸራተት ሲጥ አለ። አማርኛው የአፍ መፍቻው ነው፤ ዲግሪም አለው። አንድ መምህር «አነሳኋት» ሲለው ግን የታየው ካሜራ ብቻ ነበር። ሰው የወደቀ ሰው ያነሳል የሚለው ትርጉም ወደ ሐሳቡ አልመጣም። መልአኩ የሞተው በዚህ ነው፤ የሌለ ፎቶ ተፈርቶ።

ሠርካለም ገመዱን ከምሰሶው ፈትታ በአስተባባሪው እጅ ላይ አሰረችው። አልታገለም።

ድምፁ የመጣው ያኔ ነው። ጉሙ በአንድ በኩል እንደ መጋረጃ ተገልጦ ነበርና አውሮፕላኑ ገደሉን ታክኮ ወጣ፤ ጠጠሩ ላይ ነጥሮ አረፈ፤ ጭቃ እየረጨ ቆመ። በኃላፊዎቹ ፋንታ ሁለት ፖሊሶች ዘለው ወረዱ፤ ሬዲዮው የነገራቸውን ሊፈጽሙ ወደ ቤቱ ሮጡ። በር ላይ ሲደርሱ አንደኛው ዙሪያውን ቃኘ። ኮት የለበሰ ሰው ተቀምጧል፤ እጁ ከኋላው ነው። የተቀደደ ቁምጣና ጭቃ የለበሰ ገበሬ ቆሟል። ፖሊሱ አልጠየቀም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የገበሬውን ያበጠ ክንድ ያዘ።

«ልቀቀው» አለች ሠርካለም።

«እስረኛው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እስረኛው ኮት የለበሰው ነው።»

ፖሊሱ ኮቱን አየ፤ መልሶ ገበሬውን አየ። የሰማው ነገር ከዓይኑ ጋር አልስማማ ብሎት ክንዱን እንደያዘ ቀረ። ሠርካለም ቀርባ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

አስተባባሪውን ይዘውት ሄዱ። ለማርታ ቦታ ነበራት፤ አልሄድም ብላ ከሬሳው አጠገብ ቀረች። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ሲነሳ ጉሙ ከሥሩ ተመልሶ ተዘጋ። ወንዙ እንደሞላ ነው።

«ምስክርነትህን ሰቆጣ እቀበልሃለሁ» አለችው ሠርካለም ለገበያው። «ወለተጊዮርጊስ እዚህ መጥታ እንደነበር ፍርድ ቤት ይሰማል። አሁን ግን መሻገሪያ የለም፤ ልጆችህን በማን ላይ ጥለህ ነው የመጣኸው?»

«ጎረቤት አለች። ደግ ናት።» ክንዱን እያሻሸ ወንዙን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አንድ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። «እጠብቃለሁ እታለም። ይኼ እኮ ውኃ ነው። ውኃ ይጎድላል።»